ወደ አረንጓዴ ያዘነበለው ሰማያዊ

በቀለም ፋብሪካው ወንድሜን «አውራ ጣት» ይሉት ነበር፤ እኔን ደግሞ ቤተሰቡ «ሻንጣ» ይለኛል። ከአንድ እናት መወለዳችንን ሰምቶ «እውነት?» ያላለ እንግዳ እስካሁን አልገጠመኝም። እሱ ረጅምና ዝምተኛ ነው፤ ቃልን እንደ ዓይን መድኃኒት በጠብታ ያወጣል። እኔ አጭርና ሳቂታ ነኝ፤ ሰው ባጣ ከግድግዳ ጋር አወራለሁ። እሱ አውቶቡሱ ዞሮ ከሚመለስበት አደባባይ ማዶ ምን እንዳለ አያውቅም፤ ማወቅም አይፈልግም። እኔ በሁለት አገር ተምሬ በአምስት አገር አስተምሬ፣ የስንቱን አውሮፕላን ማረፊያ ወንበር በወገቤ ለይቼ አውቀዋለሁ። እሱ ሸሚዙን እስከ መጨረሻዋ ቁልፍ ይቆልፋል፤ እኔ በሰባ ሦስት ዓመቴም የግራ ካልሲዬን ከቀኙ ጋር ማዛመድ አልሆነልኝም።

ሁለታችንን ያኖረን ግን አንድ ዱቄት ነው። በፋብሪካው «ፍታሎ» እንለዋለን፤ ሙሉ ስሙን የሚጠራው እንደ እኔ ምላሱን ማድከም የሚወድ ሰው ብቻ ነው። ከምድር የተቆፈረ ወይም ከቅጠል የተጨመቀ አይደለም፤ ኬሚስቶች አብስለው የሠሩት ሰማያዊ ነው። በከረጢቱ ውስጥ ሲያዩት ወደ ጥቁር የተጠጋ፣ ላዩ ላይ እንደ ነሐስ የሚያብለጨልጭ ነገር ነው። ጥቂት ማንኪያ ከአንድ ባልዲ ነጭ ቀለም ጋር ሲደባለቅ ግን ባልዲው በሙሉ ሰማይ ይሆናል። ፀሐይ አያደበዝዘውም፤ ሳሙናም አያሸንፈውም። በሠራተኞቹ ሰፈር ነጭ ልብስ የሚባል ነገር አልነበረም። ትራሳችን ሰማያዊ፣ የጆሯችን ጫፍ ሰማያዊ፣ ድመታችን ሳትቀር ሰማያዊ ጢም ነበራት።

ወንድሜ ቀለም አዛማጅ ነበር። ሥራው፣ የተደባለቀው ቀለም ደንበኛው ካዘዘው ናሙና ጋር መመሳሰሉን በዓይኑ አይቶ መፍረድ ነው። ከእያንዳንዱ ድብልቅ ጥቂት ወስዶ በነጭ ካርድ ላይ ይቀባል፤ ሳይደርቅ አውራ ጣቱን ያሳርፍና ሦስት ጊዜ ያሸዋል። የታሸው ቦታ ካልታሸው ከተለየ ዱቄቱ ጓጉሏል ማለት ነውና ድብልቁ ወደ ማሽኑ ይመለሳል። ካልተለየ ካርዱን ወደ መስኮቱ ይወስድና፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አይቶ «ይሂድ» ይላል። በዚያ ፋብሪካ «ይሂድ» ከማኅተም ይበልጥ ነበር። እኔ የፋብሪካው ኬሚስት ከውጭ ያስመጣሁት መሣሪያ አኃዙን ቆጥሮ እስኪጨርስ ድረስ እሱ ቆርቆሮዎቹን አስጭኖ ምሳውን በልቷል።

«ነበር» እያልኩ የምናገረው ወንድሜ ሞቶ አይደለም፤ ዕድሜ ይስጠው፣ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። «ነበር» የምለው ከሠላሳ አንድ ዓመት ወዲህ ስለ ቀለም አንድ ቃል ፈርዶ ስለማያውቅ ነው። የዚህም ምክንያት እኔ ነኝ።

ባለፈው ሐሙስ የወንድሜ ልጅ ደወለችልኝ።

«አክስቴ፣ ድረሽልን። አባዬ እንቢ ብሏል።»

«ምን አድርግ ብላችሁት?»

«ኧረ ስለ እሱ አይደለም፤ ስለ ልጄ ነው! ፋብሪካው ቀለም አዛማጅ እቀጥራለሁ ብሎ ሲፈትን ሁሉንም በልጣ አለፈች። መቶ ካርድ አስደርድረዋት አንዷን አልሳተችም። አባዬ ግን ‹የእኛ ቤት ዓይን አይታመንም፤ ሳይነግር ይከዳል› ብሎ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። እስከ ሰኞ መልስ ካልሰጠች ቦታውን ለሌላ ሰው ይሰጡታል።»

«እሷስ ምን ትላለች?»

«አባባ ሳይመርቀኝ እግሬን አላነሣም ትላለች። እልኸኛነቷን ከማን እንዳመጣችው እንጃ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ አንቺን ይሰማል።»

አንቺን ይሰማል። ስልኩን ስዘጋ ፊቴ ሲለበለብ ይሰማኝ ነበር፤ በዚህ ዕድሜ ሰው ብቻውን በቆመበት ክፍል ውስጥ እንዲህ ሊያፍር እንደሚችል አላውቅም ነበር። ከዚያ ሻንጣዬን አወረድኩ። ከመጽሐፍ መደርደሪያዬም የዶክትሬት ጽሑፌን አወጣሁ፤ ከኋላ ሽፋኑ ጋር የተጣበቀ ቡናማ ፖስታ አለ። አገር በለወጥኩ ቁጥር አብሮኝ ሲዞር የኖረ፣ አንድም ቀን ግን ከፍቼው የማላውቅ ፖስታ ነው።

በፖስታው ውስጥ ያለውን ለመናገር ወደዚያ ዓመት መመለስ አለብኝ።

የባቡር ድርጅቱ ለአዳዲስ ፉርጎዎቹ ወደ ቀይ ያዘነበለ ሰማያዊ አዘዘ። ሰማያዊ ሁሉ አንድ አይደለም፤ አንዱ ወደ ቀይ፣ ሌላው ወደ አረንጓዴ ያዘነብላል። ፍታሎም ሁለቱም መልክ አለው። ንጥረ ነገሩ አንድ ሆኖ ሳለ የቅንጣቶቹ አደራደር ይለያያል፤ መልኩም የሚለያየው በዚሁ ነው። ወደ ቀይ የሚያዘነብለው ውብ ቢሆንም ጠባዩ አይታመንም፤ በቲነር ውስጥ ወራት ሲቀመጥ አደራደሩን ይለውጥና ማንም ሳይነካው ወደ አረንጓዴ ይዞራል። ይህ ጠባይ የተገራለት ሌላ ዓይነትም አለ፤ በከረጢቱ መለያ ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ አንዲት ፊደል ትጨመርበታለች። በዓይን ቢያዩአቸው፣ በጣት ቢያሹአቸው ሁለቱ አይለዩም። የሚለያቸው ያቺ ፊደል ብቻ ናት።

በዚያ ፋብሪካ ይህን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። የዶክትሬት ጽሑፌ ሁለት መቶ አሥራ ስምንት ገጽ ሲሆን ሌላ ነገር አያወራም።

ከረጢቶቹ የደረሱ ዕለት እኔ ወደ መጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤዬ ለመብረር ታክሲ እየጠበቅኩ ነበር። መጋዘን ጠባቂው የመረከቢያ ቅጹን ይዞ እስከ በሩ ድረስ ሮጠ።

«ዶክተር፣ አንዴ መለያውን አይተው ይፈርሙልኝ!»

«አይቼዋለሁ» አልኩት።

አላየሁትም። ሻንጣዬን አጋደምኩ፤ ቅጹን በላዩ ዘረጋሁና ፈረምኩ። የለበስኩት ካፖርት አዲስ ነበር፤ የሚያስጨንቀኝ ሰማያዊው ዱቄት እንዳይነካው ብቻ ነበር።

ወንድሜ ቀለሙን በዘጠኝ ድብልቅ ሠራው። ዘጠኙንም በአውራ ጣቱ አሽቶ፣ በመስኮቱ ብርሃን አይቶ «ይሂድ» አለ። ልክ ነበር፤ በዚያ ዕለት ሰማያዊው እንደታዘዘው ነበር። የባቡር ድርጅቱ ግማሹን ፉርጎ ወዲያው፣ ግማሹን ከአምስት ወር በኋላ ቀባ። በቆርቆሮ ውስጥ የቆየው ዞሮ ጠበቀው። አንድ ባቡር ሁለት ዓይነት ሰማያዊ ለብሶ በከተማው መኻል መመላለስ ጀመረ፤ ሰዉም «ካልሲ» ብሎ ሰየመው። «በየትኛው መጣሽ?» «በካልሲው።» ባቡሩ በወንድሜ ቤት ጓሮ በቀን አራት ጊዜ ያልፍ ነበር።

ኮሚቴ ተቋቋመ። ሳይከፈት የቀረ ቆርቆሮ ከፍተው ከናሙናው ጋር አስተያዩት፤ ወደ አረንጓዴ ማዘንበሉን ከሊቀመንበሩ እስከ ጽዳት ሠራተኛዋ ድረስ ሁሉም አየ። ወንድሜም አየ።

«ይህን ነው ‹ይሂድ› ያልከው?» አሉት።

በቆርቆሮው ላይ ጎንበስ ብሎ አየ። «ዛሬ ይታየኛል። ያኔ አልታየኝም ማለት ነው» አለ።

በማግስቱ ጠዋት መጋዘን ገብቼ ከባዶዎቹ ከረጢቶች አንዱን ገለበጥኩት። ቁጥሩ አለ፤ ፊደሏ የለችም። መለያውን ቀድጄ ኪሴ ከተትኩ። ቀጥዬ መዝገብ ክፍል ሄድኩና ወንድሜ የቀባቸውን ዘጠኝ ካርዶች አስወጣሁ። ይህ ሰማያዊ የሚዞረው ፈሳሽ ውስጥ ሳለ ነው፤ ካርድ ላይ ከደረቀ በኋላ እንደነበረ ይቀራል። ስለዚህ ዘጠኙም ከናሙናው ጋር አንድ ነበሩ። የወንድሜ ዓይን ልክ እንደነበረ የሚመሰክር ሌላ ነገር በዓለም ላይ አልነበረም። የመውጫው መዝገብ ላይ «ለጥናት» ብዬ ፈርሜ ወሰድኳቸው።

ክፉ ሐሳብ አስቤ ነበር ብል እንኳ ይቀለኝ ነበር፤ ያሰብኩት ለነገ ማቆየት ብቻ ነው። የቤተ ሙከራው ኃላፊ እንድሆን የቀረበው ሹመት በዚያው ሳምንት ይታይ ነበር፤ ይጽደቅና እናገራለሁ አልኩ። ጸደቀ። ወሬው ይብረድና እናገራለሁ አልኩ። በረደ። ከዚያ የማስተማር ጥሪ ከባሕር ማዶ መጣልኝና ሻንጣዬን አነሣሁ።

ከመሄዴ በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ወደ ቤተ ሙከራዬ መጣ። ገብቶ አያውቅም ነበር። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ» አለኝ። «እውነቱን ንገሪኝ። ዓይኔ ነው ወይ?»

መለያው በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ጉልበቴ መሳቢያውን ነክቶታል።

«ደክሞህ ይሆናል፣ ወንድም ጋሼ» አልኩት። ፈገግ ብዬም ነበር።

አመሰገነኝ። ያቺን ምስጋና እስከ ዛሬ የማደርግበት ቦታ አላገኘሁላትም።

ከዚያ በኋላ ወደ ማሸጊያው ክፍል አዛወሩት፤ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የቆርቆሮ ክዳን ሲከድን ኖረ። ቤቱን ደግሞ ነጭ ቀባው። ግድግዳውን፣ በሩን፣ የመስኮቱን ፍሬም፣ የዶሮውን ቤት ሳይቀር ነጭ አደረገው። ሰው «ለምን?» ሲለው «ነጭ ላይ አልሳሳትም» ይላል። ሰዎች ይስቃሉ። እኔም በየሁለት ዓመቱ ከነሻንጣዬ ስመጣ አብሬያቸው እስቅ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስደርስ ሁሉም በሳሎን ተሰብስበው ጠበቁኝ፦ ወንድሜ፣ ሚስቱ፣ ልጁ፣ የልጁ ባልና የነገሩ ባለቤት የሆነችው የልጅ ልጁ። የልጁ ባል በባቡር ድርጅቱ መካኒክ ነው፤ ነገር ሲከብድ የሚቀልድ ሰው ነው።

«ሻንጣ ከነሻንጣዋ መጣች!» ብሎ ተቀበለኝ። «ምነው ይቺ ትንሽ ነች? አንድ ሌሊት ብቻ ነው እንዴ የሚያድሩት?»

«እንደ አቀባበላችሁ ነው» አልኩት።

የወንድሜ ሚስት መርፌና ሸሚዝ ይዛ ተቀምጣለች። ሳመችኝና ወዲያው ነገሯን ቀጠለች። «እስኪ አንቺ ፍረጂን። እህል ውኃ የማያስብል እልኽ ይዞናል። ይኸው ሦስት ቀን አያትና የልጅ ልጅ ‹ጨው አቀብለኝ›፣ ‹ጨው አቀብይኝ› ከመባባል በቀር አይነጋገሩም።»

«ጨውም ነጭ ስለሆነ ነው» አለች ልጅቷ። «ነጭ ላይ አይሳሳትም።»

«አንቺ!» አለች እናቷ።

«ተይያት» አለ ወንድሜ። ከወንበሩ አልተነሣም፤ እጆቹ በጉልበቶቹ ላይ ናቸው። የቀኝ አውራ ጣቱ ጥፍር ሥር እስከ ዛሬ ቀጭን ሰማያዊ መስመር አለች። «እኔ ልጅቷን አልጠላኋትም። መሐንዲስ ትሁን፣ ነርስ ትሁን፣ ባቡር ትንዳ። ዓይኗን አምና እንጀራ አትብላ ነው ያልኩት። የእኔም ዓይን እንደ እሷ ነበር። አንድ ቀን ከዳኝ፤ ሲከዳኝ አልነገረኝም። ስህተቱን ያየሁት ሰው ሁሉ ካየው በኋላ ነው። ያን ዓይነት ነገር በእሷ ላይ ሲደርስ አላይም።»

«አባባ፣ አንዴ ነው እኮ!»

«አንዴ ይበቃል።»

«እንዲያው እኔን አስቡኝ» አለች የወንድሜ ሚስት ወደ እኔ ዞራ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ክር አስመርጦኛል። ቲማቲም በስሏል ወይ ብሎ ልጆች ይጠይቃል። የገዛ ልጁ የሠርግ ቀሚሶች አምጥታ ‹አባዬ፣ ከእነዚህ የትኛው ያምራል?› ብትለው፣ ‹እናትሽን ጠይቂ› ብሎ ወጥቶ ጓሮ ቆመ። ለሠርጓ እንኳ!»

«አስታውሳለሁ» አለች ልጁ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ታዲያ ይቺ አክስታችሁ ምስክር ናት» አለ ወንድሜ። በእጁ ወደ እኔ አመለከተ፤ ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበር፤ በእኔ መኩራት። «ከእኔ ይልቅ እሷን ጠይቁ። ያኔ ሁሉም ሲሰድበኝ በወግ የመለሰችልኝ እሷ ብቻ ናት። ‹ደክሞህ ይሆናል› አለችኝ። ዓይን ይደክማል ማለቷ ነው። የተማረ ሰው አነጋገር ነው፤ አላዋረደችኝም።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ፣ ይህን ሁሉ መንገድ መጥቼ፣ ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ፦ ግማሹን ተናገርኩ።

«ወንድም ጋሼ» አልኩ በመምህርነት ድምፄ፤ «ሳይንስ ይሻሻላል። ያን ጊዜ በደንብ ያልተገነዘብናቸው ነገሮች ነበሩ። ለምሳሌ አንዳንዱ ሰማያዊ ዱቄት በቆርቆሮ ውስጥ ሲቆይ በራሱ መልኩን ሊለውጥ ይችላል። ስለዚህ ምናልባት የአንተ ዓይን ሳይሆን ዱቄቱ ሊሆን ይችላል ብሎ ማሰብ…»

«ሊሆን ይችላል?» አለች ልጅቷ።

«አዎ፣ ሊሆን ይችላል።»

«እማማ ሻንጣ፣ ሊሆን ይችላል ነው ወይስ ነው?»

የልጁ ባል መሳቅ ጀመረና ተወው። ልጅቷ ዓይኗን አልነቀለችም። መቶ ካርድ አይቶ አንዷን ያልሳተ ዓይን ሰው ላይ ሲያርፍ እንዴት እንደሆነ ያን ጊዜ ተረዳሁ። ፊቴ ላይ የተቀባው እንዳልተበተነ፣ እንደጓጎለ አይታለች።

«ነው» አልኩ።

«ማን ነገረሽ?» አለች።

ሻንጣዬን ከፍቼ ቡናማውን ፖስታ አወጣሁ። መካኒኩ ሊያግዘኝ ተነሣ፤ አይሆንም አልኩት። መለያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፤ ከአጠገቡም ዘጠኙን ካርዶች ደረደርኩ። ከዚያ ተናገርኩ። ከካፖርቱ ጀምሬ፣ ሻንጣው ላይ ስለፈረምኩት ፊርማ፣ ስለሌለችው ፊደል፣ «ለጥናት» ስላልኩት ውሸት፣ ስለ ሹመቱ፣ ጉልበቴ ስለነካው መሳቢያ። ሕይወቴን ሙሉ ሳወራ ኖሬአለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ላይ አልከበደኝም። ለማሳመር አልሞከርኩም። አንዴ ብቻ «ወጣት ነበርኩ» ማለት ጀመርኩና፣ አርባ ሁለት ዓመቴ እንደነበር ትዝ ሲለኝ ዋጥኩት።



ስጨርስ መጀመሪያ የተናገረችው የወንድሜ ሚስት ናት። መርፌዋን ሸሚዙ ላይ ሰካችና፣ «ስንት ጊዜ ነው እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጥሽው?» አለችኝ። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር። «ስንት ጊዜ ነው ‹ይህ ቤት ወተት ውስጥ የወደቀ ይመስላል› ብለሽ ያሳቅሽን? እኔ ስስቅ፣ እሱ ሲስቅ፣ አንቺ እያወቅሽ?»

«እያወቅኩ፣ እትዬ።»

«እትዬ አትበይኝ ለጊዜው።»

ልጁ ታለቅሳለች፤ ባሏ ከአማቱ ፊት ዞር ለማለት ብሎ መስኮቱን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ወንድሜ ተነሣ፤ ቀስ ብሎ ወደ ጠረጴዛው መጣ። ካርዶቹን አንድ በአንድ አነሣቸው። በእያንዳንዱ ካርድ መኻል አውራ ጣቱ ሦስት ጊዜ የዞረበት ክብ ጭረት በደረቀው ቀለም ውስጥ ታትሟል። የዛሬ አውራ ጣቱን አንሥቶ በጭረቱ ላይ አሳረፈው። ልክክ አለ።

ካርዱን ወደ መስኮቱ ወሰደው። አንገቱን ዘንበል አደረገ። ያን አንገት ሲዘነብል ካየሁት ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ቆየ። ከዚያ ፊቱ ጠቆረ።

«አረንጓዴ አለበት» አለ በቀስታ። «ይኸው፤ ያኔም ነበረበት።»

«የለበትም!» አልኩ። «ወንድም ጋሼ፣ እምልልሃለሁ…»

«አንቺ ዝም በይ» አለችኝ ልጅቷ፤ በዚያ ሰዓት ታላቅ ታናሽ አልነበረም። ከአያቷ አጠገብ ሄዳ ካርዱን ከእጁ ወሰደች። ወደ ብርሃኑ አጋደለችው፤ መለሰችው። «አባባ፣ አረንጓዴ አይደለም። ቢጫ ነው፤ እሱም ላዩ ላይ ነው፣ እንደ ሻይ እድፍ። ከሥሩ ያለውን እይ። ከሥሩ ወደ ቀይ ነው የሚሄደው።»

ወንድሜ ካርዱን መልሶ ወሰደ። ጠጋ አደረገው፤ አራቀው።

«የዘይቱ ነው» አለ። ለእኛ ሳይሆን ለራሱ የሚናገር ይመስል ነበር። «ዘይት ያለበት ቀለም ጨለማ ውስጥ ከኖረ ቢጫ ያወጣል። ፖስታ ውስጥ ነዋ የኖረው። ፀሐይ ሲነካው ይመለሳል።» ሁለተኛውን አነሣ፤ ሦስተኛውን። ድምፁ እየጠራ ሄደ። «ይሄ ልክ ነው። ይሄም። ይሄ ነጩ ትንሽ በዝቶበታል፤ ያኔም ብዬ ነበር፣ ግን ያልፋል ብያለሁ። ይሄ ልክ ነው።» ዘጠነኛውን ሲያስቀምጥ እጁን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ ቆመ። «ዘጠኙም» አለ።

«ዘጠኙም፣ አባባ» አለች ልጅቷ።

ካርዶቹን ሰብስቦ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ደፍ ላይ ተራ በተራ አቆማቸው። በዚያ ነጭ ቤት ውስጥ ዘጠኝ ሰማያዊ መስኮቶች የተከፈቱ መሰለኝ። ማንም አልነካቸውም።

«ወንድም ጋሼ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት። ቆሜ ነበር፤ የት እንደምቀመጥ አላወቅኩም።

ዞሮ አላየኝም። «እሱ ገና እርጥብ ነው» አለ። «አትንኪው።»

ከዚያ ወደ ወንበሩ ተመልሶ ተቀመጠና የሸሚዙን የላይኛዋን ቁልፍ ፈታ። ይህን ሲያደርግ ማናችንም አይተነው አናውቅም፤ ሚስቱ እንኳ የምትሰፋውን ሸሚዝ ከጭኗ ጥላ ቀና አለች። ጉሮሮውን ጠረገ። ወንድሜ ሊናገር ጉሮሮውን ከጠረገ ነገሩ ያለቀ መሆኑን ቤተሰቡ ያውቃል።

«ስሙ» አለ። «ሰኞ ጠዋት ልጅቷ ፋብሪካ ትሄዳለች። ሥራውን ትቀበላለች። መርቄያታለሁ፤ ምርቃቱን ከፈለጋችሁ ማታ እደግመዋለሁ።»

ልጅቷ አፏን ልትከፍት ስትል እጁን አነሣ።

«አልጨረስኩም። እኔም አብሬያት እሄዳለሁ። ካርዶቹ እስከዚያ መስኮቱ ላይ ይቆያሉ፤ ማንም መጋረጃ እንዳይዘጋ። እኅቴም ትመጣለች። ካርዶቹን የምትይዘው እሷ ናት፤ እዚያ ለሚቀመጠው ኃላፊ የምትናገረውም እሷ ናት። አሁን ለእኛ እንደነገረችን፣ ሁሉንም። ‹ሊሆን ይችላል› የምትለዋን ግን እዚህ ትታት ትምጣ። በወረቀት ይጻፍ፤ ካርዶቹ ከወጡበት መዝገብ ይግባ። ያኔ ፋብሪካው ውስጥ የነበሩ፣ በሕይወት ያሉትም ይጠሩና ይስሙ።»

«እመጣለሁ» አልኩ።

ያን ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ አየኝ። እግሬ አጠገብ ወደቆመችው ነገር ዓይኑን አወረደ።

«ሻንጣ ግን አትይዢም» አለ።